ስለ «ኧርነስት» ቃል፦ ምር፣ ቀብድና የሰቆጣ ቃል ኪዳን

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ለአማርኛ ተርጓሚ ቀላል መስለው ከሚያስቸግሩት አንዱ «ኧርነስት» የሚባለው ነው። ተማሪው በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው «ከልብ» ብሎ ያልፈዋል፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ የትክክል ምልክት አድርጎ ይመልስለታል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ «ከልብ» የሚለው ትርጉም የቃሉን እኩሌታ ብቻ፣ ያውም ቀላሉን እኩሌታ፣ የሚይዝ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለዚህ ምርመራ ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰቆጣ የጥንት የገበያ ከተማ ናት፤ የቃሉ ሁለተኛ እኩሌታ ደግሞ የተወለደው በገበያ ነው። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ስም የጠራው አንድ ትልቅ ተስፋ አለ፤ የዚያም ተስፋ የእንግሊዝኛ ስሙና የአማርኛ ስሙ እኩል አይመዝኑም። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየንም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ዘር እንናገር። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዛሬ በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፈው «ኧርነስት» በአመጣጡ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ነው። የፊተኛው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኤኦርኖስት» የወረደ ሲሆን የጀርመናውያን ዘር ነው፤ ትርጉሙም ቀልድ ያልሆነ፣ የጸና፣ የምር የሆነ ነገር ማለት ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ኤርንስት» ይሉታል። ሁለተኛው ግን ከዚህ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ሰዎች ሲዋዋሉ በቅድሚያ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም ዕቃ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከጥንቱ ፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳዮች ከላቲኑ «አራ»፣ ላቲኖች ከግሪኩ «አራቦን»፣ ግሪኮችም ከሴማውያን ነጋዴዎች ወሰዱት። ዕብራይስጡ «ዔራቦን» ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ጠቦቱን እስኪልክላት ድረስ ማኅተሙን ከነማሰሪያውና በትሩን ለትዕማር ያስያዘበት መያዣ በዕብራይስጥ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በግእዛችንም «ዐረቦን» አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስና ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በግሪኩ «አራቦን» ብሎ ሲጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ «ኧርነስት» ብሎ ተርጕሞታል፤ የአማርኛው «መያዣ» ይለዋል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ተማሪ እንደ ባዕድ ቈጥሮ የሚሸመድደው ቃል በአንድ ጎኑ የአጎቱ ልጅ ነው ማለት ነው። «ዐረቦን»ም በሀገራችን አልሞተም። የመድን ድርጅቶች ደንበኛው በየጊዜው የሚከፍለውን ገንዘብ «ዓረቦን» ብለው በየውላቸው ላይ ሲያትሙት፣ ከይሁዳ በትር ጋር የተዛመደ ቃል እንደሚያትሙ የሚያስበው ብዙ አይመስለንም።

ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ እንዴት አንድ መልክ ያዙ? ፈረንሳይኛው «ኤርስ» ወደ እንግሊዝ ገብቶ «ኤርነስ» ከሆነ በኋላ የፊተኛው ቃል ስቦት በመጨረሻው «ት» ተጨመረበት። ይህ የድምፅ አደጋ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ሕዝብ ሁለት ቃል የሚያዋሕደው በትርጉማቸው መካከል ድልድይ ሲታየው ነው። በእጅ የተሰጠው ነገር በልብ ያለውን ያሳያል፤ ድልድዩ ይህ ነው። አማርኛ ግን ሁለቱን ለየብቻ አኑሯቸዋል፤ አንዱን «የምር» ሌላውን «ቀብድ» ብሎ።

የአማርኛውን የልብ ወገን ስንመለከት ሀብቱ ከተርጓሚው ልማድ እጅግ የሰፋ ነው። አማርኛ ቅንነትን የሚያኖረው በልብ ብቻ አይደለም፤ በአንጀትም፣ በሆድም ያኖረዋል፤ ሦስቱም ልዩነት አላቸው። «ከልቡ ሠራ» ስንል ትጋቱን ነው፤ «ከአንጀቱ አዘነ» ስንል የማይታይ ሥቃዩን ነው፤ ሆድ ግን የተደበቀ ነገር መኖሪያ ነው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለው ተረት የሚነገረው ሰው የማይፈጽመውን ነገር እያወቀ ተስፋ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ከሰውነት ውስጥ የወጣ ቃል ሁሉ ቅን ነው ማለት አይደለም፤ ከየትኛው ብልት እንደ ወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ስለ ልብ የተነገረ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ምስክር የሚሆነው እንባው ነው። ልብ ብቻውን አይታመንም፤ እንባውን ያስይዛል።

«የምር» ደግሞ የልብ ቃል አይደለም። «የምሩን ነው» ስንል ስለ ሰውየው ስሜት አንናገርም፤ ቃሉና ሥራው እንደማይለያዩ እንመሰክራለን። ሰው ላልሆነ ነገርም እንናገረዋለን። «ክረምቱ የምሩን ገባ» ይባላል፤ እንግሊዝኛውም ዝናብ «ኢን ኧርነስት» ጀመረ ይላል፤ በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ምንም ሳይነጋገሩ ይስማማሉ። ዝናብ ልብ የለውምና በዚህ ስፍራ «ከልብ» የሚለው ትርጉም ወዲያው ይወድቃል። በዋግ ደግሞ አባባሉ ጌጥ አይደለም። የመጀመሪያውን ካፊያ አምኖ ዘር የበተነ ገበሬ ሰማዩ መልሶ ሲዘጋ ዘሩንም በሬውንም ያጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ቀብድ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ሰጪው ግን ውሉን ሲያፈርስ የሚከሰስበት ችሎት የለም። የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚያ አገር እንዴት እንዳለፈ ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ «ቁም ነገረኛ»፣ «ኮስታራ»፣ «ጭምት» የሚባሉ የጠባይ ቃላት አሉ። ኮስታራነት የፊት ነው፤ ጭምትነት የአኳኋንና የአንደበት ነው፤ ቁም ነገር ግን እንደ ስሙ የቆመ ነገር ነው፤ ሰውየው እየሳቀ ቢያመጣውም ቁም ነገር ከመሆን አይጐድልም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ እንግሊዞች «ኧርነስት» መሆንን ከምግባር ሁሉ ከፍ ሲያደርጉ ኮስታራነትንና ቁም ነገረኛነትን በአንድ ከረጢት ከተቱ። አማርኛ ይህን ስሕተት አይሠራም። ፊቱ የማይፈታ ባዶ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙንም ከቁም ነገረኛው ለይተን እንጠራዋለን።

አሁን ወደ ገበያው እንውረድ። ሰቆጣ በአፋር በረሃ የሚቈረጠው ጨው ወደ መሐል አገር ሲሻገር ከሚያርፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ያለፉ የውጭ አገር መንገደኞችም ስለዚሁ ጽፈዋል። አሞሌው የሚበላ ጨውም የሚቈጠር ገንዘብም ነበረ። ከአሞሌው ጋር ማርትሬዛ ብር ይሠራበት ነበር፤ በላዩ የተቀረጸው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ስንት ትውልድ አለፈ። ተቀባዩም የንግሥቲቱን ዘውድና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ቈጥሮ ነበር የሚቀበለው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ገበያ፣ ከተለያየ አገር የመጡ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኽምጣውም አማራውም ትግሬውም ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ልብ በምን ያውቀዋል? አያውቀውም። ያወቀም እንደ ሆነ አይበጀውም። የሚበጀው በእጁ የያዘው ነው።

«ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይናገራል፤ በዐረብኛ «ቀበደ» ማለት ያዘ፣ ጨበጠ ማለት ነውና። በሬ ገዢው ዋጋውን ተስማምቶ ገንዘቡ ቢጐድለው ጥቂት ብር ቀብድ ይሰጣል፤ ሻጩም በሬውን ለሌላ አያሳይም። የማር ነጋዴውም ማሩ ከቀፎ ሳይወጣ ቀብድ ይሰጣል፤ የዋግን ማር የቀመሰ ሰው ስለምን እንደሚሽቀዳደሙ አይጠይቅም። ሻጩ ቀብድ ተቀብሎ ለሌላ ከሸጠ «ቀብድ በላ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ላይ እናስተውል፤ ሰውየው ዋሸ አይባልም፣ ልቡ ክፉ ነው አይባልም፤ በላ ይባላል። ወንጀሉ የተነገረው በአፍና በሆድ ቃል ነው፤ ሆድ ቀደም ብለን እንዳልነው የተደበቀ ነገር መኖሪያ ነው።

ደጋው ከቀብድ በቀር ሌላም ብዙ መያዣ ፈጥሯል። በጥንቱ ሙግት ተከራካሪው ነገሬ እውነት ነው ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረድ ነበር፤ የተረታው ውርርዱን ይከፍላል። የውርርዱ መጠን ተከራካሪው በነገሩ ምን ያህል እንደ ተማመነ ለችሎቱ ሁሉ ይነግር ነበር። በቅሎውን ለማስያዝ የፈራ ሰው ነገሩን ራሱ እንዳላመነው ይታወቅበታል። ዋስ ሌላው ነው፤ በዋስ ጊዜ የሚያዘው ዕቃ ሳይሆን የሌላ ሰው ስም ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በልብሳቸው ጫፍ ታስረው አብረው ሲሄዱ ቁራኛ ይባል ነበር፤ እዚህ ላይ መያዣው የሰውየው ገላ ሆነ። ከማር ጀምሮ እስከ ገላ ድረስ የሚሄድ መሰላል ነው።

ይህ የገበያ ቃል በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ገብቷል። ሕጉን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ሊቅ ናቸው። ፈረንሳይኛው «አር» የሚለው ቃል የዚያው የሴማዊው «ዔራቦን» የልጅ ልጅ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ «ኧርነስት» አለ። የአማርኛው ተርጓሚ ግን ግእዙን «ዐረቦን» መልሶ ማምጣት እየተቻለው «ቀብድ» ብሎ ጻፈ። መልካም አደረገ እንላለን። በሺህ ዘመናት ዞሮ የመጣውን ዘመድ በክብር ከመቀበል ይልቅ በሰቆጣም ሆነ በደሴ ገበያ ያለ ባላገር የሚሰማውን ቃል መረጠ። ሕግ ለሚዳኘው ሰው ካልተሰማው ለማን ይጻፋል?

ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ያሉት ሦስቱ አንቀጾች አጫጭር ናቸው፤ ነገር ግን ሒስ የሚያስፈልገው በውስጣቸው አለ። የፊተኛው ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይቀነሳል ወይም ይመለሳል ይላል። ሦስተኛው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ተቀባዩም እጥፍ አድርጎ መልሶ ሊያፈርስ ይችላል ይላል። እንግዲህ ይኸው አንድ ገንዘብ በፊተኛው አንቀጽ የምርነት ማስረጃ፣ በኋለኛው አንቀጽ ደግሞ የመውጫ ዋጋ ሆነ። በርን የሚዘጋውና የሚከፍተው አንድ ቍልፍ ነው። ይህ ተቃርኖ ይመስላል፤ ጓደኞቻችን የሕግ ተማሮችም እንዲሁ ሲሉ ሰምተናል። እኛ ግን የቃሉ ጥልቅ ትርጉም እዚህ ላይ የተገለጠ ይመስለናል። ሊጠፋ የማይችል ነገር ማስረጃ አይሆንም። ሰው ምሩን መሆኑ የሚታወቀው ቢመለስ በሚያጣው ነገር ልክ ነው፤ ዐሥር ብር ቀብድ የሰጠ የዐሥር ብር ምር አለው፤ መቶ የሰጠ የመቶ። የእንግሊዞች የልብ «ኧርነስት» ልክ የለውም፤ ስለዚህም ርካሽ ይሆናል። የገበያው «ኧርነስት» ግን ይቈጠራል።

በዚህ ላይ ቆመን ብዙ የተነገረለትን አንድ መጽሐፍ መንካት ይገባናል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 በሺካጎ ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ አሻሚ አነጋገርን ከአማራ ባህል ዋና ጠባዮች አንዱ አድርጎ አቀረበ። ጥቅሙን አልካደም፤ ሰው ምስጢሩን እንዲጠብቅ፣ ኃይለኛውንም ሳይያዝ እንዲነቅፍ ያገለግለዋል ብሏል። ቢሆንም አዲሱ ኑሮ ከሚጠይቀው ግልጽ ንግግር ጋር ይጋጫል ሲል ተከራክሯል። ትዝብቱ ከፊሉ እውነት መሆኑን የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። የምንቃወመው ግን ሚዛኑን ነው። ቅኔ የሚዘርፈው ሰውና በሬ የሚሸጠው ሰው በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው። በማኅሌት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የሚያዘንበው ደብተራ መሬቱን ሲያከራይ እማኝ ይጠራል፣ ዋስ ይይዛል፣ ቀብድ ይቀበላል። ቃል አሻሚ መሆኑን እንደ እርሱ የሚያውቅ የለምና ቃልን በዕቃ ማሰርን ከማንም በፊት ተማረ። አንድን ሕዝብ በቅኔው ብቻ መመዘን ዳኛን በሠርግ ቀን ዘፈኑ እንደ መመዘን ነው። ሌቪን የምርነት ሥርዐቶችን ከአሻሚነቱ አጠገብ አቁሞ ቢመዝን ኖሮ ድምዳሜው የሚለዝብ ይመስለናል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ሰም አንድ ነገር እንጨምር። የ«ኧርነስት» ባልንጀራ የሆነው «ሲንሲር» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል በሕዝብ ዘንድ «ያለ ሰም» ከሚል የላቲን ሐረግ መጣ ይባላል፤ ቀራፂው የድንጋዩን ስንጥቅ በሰም ደፍኖ ያታልል ነበርና ሰም የሌለበት ቅን ተባለ ይላሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ተረት አይቀበሉትም፤ ተረቱ ግን ሰምን እንዴት እንደሚያይ ያሳያል። ለእነርሱ ሰም ማታለያ ነው። ለእኛ አንጥረኛ ሰም ወርቁ የሚፈስበትን ቅርጽ ሰጥቶ ቀልጦ የሚሄድ አገልጋይ ነው። ለዋግ ንብ አርቢ ደግሞ ከማሩ የተረፈው ሰም ጧፍ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ይበራል፤ በሰቆጣ አጠገብ ባለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ውቅር ቤተ መቅደስ ውስጥ የበራውን ጧፍ ማታለያ ነው የሚል ሰው አናገኝም። በእኛ ዘንድ ሰም መኖሩ ቅንነት መጥፋቱን አያስረዳም።

ስለዚህ ቃል የሚጻፍ ሒስ የኦስካር ዋይልድን ተውኔት ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1895 በሎንዶን በሴንት ጄምስ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ቀልድ በርእሱ ውስጥ ቃሉን ይዟል፤ ጨዋታውም ሁሉ «ኧርነስት» የሚለው ጠባይና «ኧርነስት» የሚለው የወንድ ስም በድምፅ አንድ በመሆናቸው ላይ የቆመ ነው። ጃክ የሚባለው ጐልማሳ በባላገር ጃክ፣ በከተማ ኧርነስት ነው። የሚወዳት ግዌንዶለን የምትወደው ስሙን ነው። እርሱም ባልንጀራው አልጀርነንም ስሙን ለማግኘት ሲሉ እንደ ገና ሊጠመቁ ቄሱን ይለምናሉ። በመጨረሻ ጃክ ሕፃን ሳለ በባቡር ጣቢያ በቦርሳ ውስጥ የተገኘው የአባቱን ስም ሲመረምር በእውነት ኧርነስት ሆኖ ይገኛል፤ ሲዋሽ የኖረው ሳያውቅ እውነት ይናገር ነበር ማለት ነው።

ይህን ተውኔት በሰቆጣ አዳራሽ ብናሳየው ምን ያስቃል? ሁለት ስም መያዙ አያስቅም። ተመልካቹ ሁሉ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው። መኳንንቱ የፈረስ ስም ይጨምሩበት ነበር። የዋጉ ተወላጅ ዋግሹም ጎበዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲነግሥ ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ፤ ጎበዜነቱንም ማንም ውሸት ነበር አላለውም። ስም ትርጉም መያዙም አያስደንቅም፤ በአማርኛ ትርጉም የሌለው ስም ነው የሚያስደንቀው። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ሁለት ዐዋቂዎች ለፍቅር ሲሉ ዳግመኛ ልጠመቅ ማለታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀት አንዲት ናት፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ያ ስም አይደገምም። የሎንዶን ተመልካች የሳቀበት ስፍራ ላይ የሰቆጣዋ እናት ታማትባለች። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በዋይልድ ዘንድ እውነተኛው ስም በአደባባይ የሚጠራው ነው። በእኛ ዘንድ እውነተኛው ስም የሚሰወረው ነው፤ ካህኑ በቍርባንና በፍትሐት የሚጠራው፣ ክፉ ሰው እንዳይሠራበት በየሜዳው የማይነገረው የክርስትና ስም ነው።

ፈረንሳዮች ርእሱን ሲተረጕሙ «ኮንስታን» የሚለውን ስም መረጡ፤ የወንድ ስምም ጽኑ ማለትም ነውና። ጀርመኖች «ኤርንስት» ስላላቸው አልተቸገሩም። አማርኛ ተርጓሚ እንደ እኛ አስተያየት ጐልማሳውን «እውነቱ» ብሎ ቢሰይመው ይሻላል። «እውነቱን ነው» የምንለው ሰው ምሩን ሲናገር ነው፤ «የምፈልገው እውነቱን ነው» ያለችው ልጅ ደግሞ እውነትን ትፈልግ እውነቱ የተባለውን ሰው ትፈልግ አይለይም። ቀልዱ እንዲህ በአማርኛ እግር ይቆማል። የሚቀረው የመጠመቁ ነገር ነው፤ እርሱን ተርጓሚ አያድነውም፤ መቅረትም የለበትም፤ ተመልካቹ ቢደነግጥ የዋይልድ ቀልድ የሚነክሰው እዚያው ላይ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030፣ ማለት እስከ 2022 ዓ.ም.፣ ለማጥፋት ተስፋ ሰጠ። ሰቆጣ በስሟ የተጠራችበት የ1977 ረኃብ ስላጠቃት ነው። ሥራው በሦስት ምዕራፍ ተከፈለ፤ የፊተኛው በአማራና በትግራይ የተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ተጀመረ፤ ሁለተኛው ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ከ2026 እስከ 2030 ድረስ ተመደበለት። በእንግሊዝኛ «ዴክላሬሽን» ይባላል። በአማርኛ ግን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው።

እነዚህ ሁለት ስሞች አንድ ዕቃ አይሸከሙም። «ዴክላሬሽን» አንድ ወገን ቆሞ የሚናገረው ነው፤ መግለጫ ወይም ዐዋጅ ብንለው ይበቃው ነበር። ሰሚው ጆሮ ብቻ ነው። ኪዳን ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ምልክትም ይፈልጋል። ለኖኅ ቀስት ተሰጥቶታል። በየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብረው የዋግ ምእመን ኪዳን ማለት የማይታጠፍ መሆኑን ከመምህር ሳይሆን ከእናቱ ተምሯል። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ሰው አውቆም ይሁን ሳያውቅ እንግሊዝኛው ያልያዘውን ግዴታ በአማርኛው ውስጥ ጻፈ። የእንግሊዝኛው ስም የልቡ «ኧርነስት» ነው፤ የአማርኛው ስም ቀብድ ይጠይቃል።

የዚህ ቃል ኪዳን ቀብድ ምንድን ነው? በጀትና የባለሥልጣናት ስብሰባ ነው የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። ሥራው እንዳልተናቀ እናምናለን፤ ጤናን፣ እርሻን፣ ውሃንና ትምህርትን የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት እንዲሠሩ መደረጉ ቀላል ነገር አይደለም። በመካከሉም በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የተከዜን ወረዳዎች መታ፤ ይህን ያላሰበ ሒስ ፍትሕ የለውም። ነገር ግን በቀብድ ሥርዐት ብንመረምረው መጀመሪያ ያስያዘው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ሕፃኗን አዝላ ከደሃና ወይም ከዝቋላ ቀበሌ ቁልቁል ወርዳ በጤና ኬላ ያስመዘነች፣ ክንዷን ያስለካች፣ የእርሻ ቀኗን የሰዋች እናት ናት። እርሷ የሰጠችው ይቈጠራል፤ ቀኑም ይታወቃል። መንግሥት በዚህ ውል ላይ ቀብድ ተቀባይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለመንግሥት ተስፋ የተጻፈ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ተቀባዩ ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል የሚለውን ቍጥር 1885ም ማንም በዚህ ላይ አይጠቅስም። የሁለት ዓመት ዕድሜ ደግሞ እጥፍ ሆኖ አይመለስም፤ በዚያ ጊዜ የቀነጨረ ቁመት ኋላ በሚመጣ እህል አይካስም።

ስለዚህ ቃል ኪዳኑን በየዓመቱ በሚወጣ መግለጫ መመዘን የእንግሊዝኛውን ስም ተከትሎ መሄድ ነው። የአማርኛውን ስም የሚከተል ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቃል ሰጪው ቢመለስ ምን ያጣል? የሚያጣው ነገር በጽሑፍ ከሌለ «ቃል ኪዳን» የሚለው ስም በብድር የተወሰደ ነው፤ አበዳሪውም ሕዝቡ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። እስካሁን የተናገርነው በአማርኛ ነው። በዋግ ኽምራ ግን ብዙ እናቶች ቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣንጋ ነው፤ ልጆቻቸውም የፊደል ትምህርት የሚጀምሩበት ይኸው ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛው «ኧርነስት» ለአንድ የሰቆጣ ተማሪ የሚደርሰው በአማርኛ በኩል ዞሮ በሦስተኛ እጅ ነው። የዋግ ተወላጆች የሆናችሁ ጓደኞቻችን፣ በዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትወርዱ በኽምጣንጋ «የምሩን ነው» እንዴት እንደሚባል፣ ቀብድ በምን ቃል እንደሚጠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጤና ሠራተኛዋ ለእናቲቱ ቃል ኪዳኑን ስትነግራት በየትኛው ስም እንደምትጠራው ከአረጋውያንና ከነጋዴዎች አፍ ጽፋችሁ ለዚህ መጽሔት አዘጋጅ እንድትልኩ እንጠይቃለን።